ሰዓት እላፊ፦ የወረርሽኝ ዘመን አዋጆች ታሪካዊ ቅኝት

ቃላት የኅብረተሰብን ታሪክ ተሸክመው የሚጓዙ ናቸው። «ወረርሽኝ» የሚለው ቃላችን «ወረረ» ከሚለው ግሥ መውጣቱ፣ ሕዝባችን ተላላፊ በሽታን ከወራሪ ጦር ነጥሎ እንደማያይ ያስረዳል። ሁለቱም ሳይጠሩ ይመጣሉ፤ ሁለቱም ድንበር ይጥሳሉ፤ ሁለቱም በመጡ ጊዜ አዋጅ ይነገራል። «ሰዓት እላፊ» የሚለው ሐረግ ግን ትዝታው ከሕመም ይልቅ ከጠመንጃ ጋር የተያያዘ ነው። ደርግ ሥልጣን በያዘበት በ1967 ዓ.ም. መባቻ ከታወጀበት ጊዜ አንሥቶ፣ በኋላም በቀይ ሽብር ዘመን፣ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ሐረግ የሚያውቀው ከኬላ፣ ከፍተሻና በሌሊት ከሚሰማ የተኩስ ድምፅ ጋር አዛምዶ ነው።

«እላፊ» ማለት ከልክ ያለፈ ማለት ነው። «እላፊ ተናገረ»፣ «እላፊ ሄደ» እንላለን። በሰዓት እላፊ ጊዜ ልክ አለፈ ተብሎ የሚያዘው ዘወትር መንገደኛው ነው። ነገር ግን መንገደኛው ሰዓቱን እንደሚያልፍ ሁሉ፣ አዋጁስ የራሱን ልክ የሚያልፍበት ጊዜ የለምን? ሕይወትን ለማዳን የሚዘጋውን በር ሰውን ለማፈን ከሚዘጋው በር የምንለየውስ በምንድን ነው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ጥያቄ ከታሪክ መልስ መፈለግ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዘመናትም በሙሉ በእኛው አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልን እንወዳለን።

ጥያቄው ለዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከመጻሕፍት ብቻ የመጣ አይደለም። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ፣ ለመድረክ ሊበቃ ጥቂት ቀናት የቀሩትን የአንድ ቴአትር ልምምድ አቋርጠው ወደየቤታቸው ከገቡት መካከል እርሱም አንዱ ነበር። አዳራሹ በተዘጋበት ዕለት፣ መጋረጃ የሚስበውና መብራት የሚያቀናው፣ ክፍያውንም በትርኢት ቀን ልክ የሚያገኘው ወጣት የመድረክ ሠራተኛ ቁልፉን እያስረከበ፣ «ጋሼ፣ በሽታውስ እሺ፤ የቤት ኪራዩን ነገር አዋጁ ያውቀዋል ወይ?» ሲል ጠየቀ። ያን ዕለት መልስ የሰጠው ሰው አልነበረም። ጥያቄው ግን ለአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ለአዋጅ ሁሉ የቀረበ ፈተና ሆኖ ስለታየን፣ ታሪክን የምንመረምረው ይህንኑ በልባችን ይዘን ነው።

የኅዳር በሽታ

ወረርሽኝ ሲነሣ ኢትዮጵያዊ ሁሉ አስቀድሞ የሚያስታውሰው የኅዳር በሽታን ነው። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያጥለቀለቀው ኢንፍሉዌንዛ ከ50 ሚሊዮን የማያንስ የሰው ልጅ እንደፈጀ ይገመታል። አዲስ አበባም ከዚህ መዓት አላመለጠችም። የጂቡቲ የባቡር ሐዲድ ከተማዪቱን ከባሕር ካገናኘ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። ንግሥት ዘውዲቱ በዙፋን፣ ራስ ተፈሪ በአልጋ ወራሽነት ነበሩ። በመላ ከተማዪቱ የሚገኙት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ ከእነርሱም በሽታው የጣላቸው ነበሩ።

በኅዳር ወር በሽታው ሲበረታ ገበያውን የበተነው፣ ሥራውን ያስቆመውና በሩን ያዘጋው ራሱ በሽታው ነበር። አስታማሚው ከታማሚው አጠገብ ወደቀ፤ ቀባሪው ተቀባሪ ሆነ። መቃብር ቆፋሪ በመታጣቱ ብዙ አስከሬን በአንድ ጉድጓድ የተቀበረበት ጊዜ ነበር። ለቅሶ፣ ተዝካርና ማስተዛዘን የማኅበራዊ ኑሮው ምሰሶ በሆነበት አገር፣ ሰው ያለ ለቅሶ መቀበሩ ከሞቱ ባልተናነሰ አስደንግጦ እንደነበር ከአባቶቻችን ሲወርድ የመጣው ትረካ ይመሰክራል። በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው እንደሞተ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራሳቸው በብርቱ ታመው ከሞት የተረፉ መሆናቸውን በኋላ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው ገልጸዋል። በሽታው ደጃፍ እንጂ ማዕረግ አልለየም ማለት ነው።

ሕዝቡ ከዚያ መከራ ይዞት የወጣው አንድ ልማድ አለ። ይኸውም ኅዳር 12 ቀን፣ በኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ የየሠፈሩን ጥራጊና ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠል ነው። «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ይህ ነው፤ አጀማመሩም ከዚያ ዘመን ጋር ተያይዞ ሲተረክ ኖሯል። በዘመናዊ ሕክምና ዓይን ካየነው፣ በትንፋሽ የሚተላለፈውን የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ጭስ አይገድለውም። ቫይረሱ ግን በሰው ዘንድ ተለይቶ የታወቀው በ1925 ዓ.ም. ስለሆነ፣ በ1911 ዓ.ም. ከዓለም ሊቃውንት መካከል ጠላቱን በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ በጭሱ መሳለቅ አይገባም። ይልቁን ልብ ልንለው የሚገባው፣ ልማዱ ያለ ዘበኛና ያለ ቅጣት ከመቶ ዓመት በላይ መዝለቁ ነው። ሕዝብ ትርጉሙን የተረዳውንና የራሱ ያደረገውን ሥርዓት ማንም ሳያስገድደው ይፈጽማል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። በሽታው ከመድረሱ በፊት በሩን የሚዘጋ፣ ሕዝቡም አምኖ የሚቀበለው አዋጅ ቢኖር ኖሮ ውጤቱ ይለወጥ ነበርን? ታሪክ ብዙ ጊዜ «ቢሆን ኖሮ» ለሚል ጥያቄ መልስ የላትም። በዚህ ጉዳይ ግን አላት። መልሱንም የምናገኘው የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ባራቆተበት በዚያው ሰሞን፣ ከእኛ እጅግ ርቀው በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል በሚገኙ ደሴቶች ላይ ነው።

አንድ ሕዝብ፣ ሁለት ገዥ

የሳሞአ ሕዝብ በቋንቋ፣ በባህልና በዘር አንድ ነው። የቅኝ ገዥዎች ስምምነት ግን አገሩን ለሁለት ከፍሎታል። ምሥራቃዊው ክፍል በአሜሪካ የባሕር ኃይል ሥር ሲተዳደር፣ የጀርመን ይዞታ የነበረውን ምዕራባዊውን ክፍል በነሐሴ ወር 1906 ዓ.ም. የኒውዚላንድ ጦር ያዘው። የሁለቱ ዋና ወደቦች አፒያና ፓጎ ፓጎ በ130 ኪሎ ሜትር ገደማ ባሕር ብቻ የተራራቁ ናቸው። የአንዱ ደሴት ሰው ሌላው ደሴት ላይ ዘመድ አለው፤ ለሠርግም ለለቅሶም በጀልባ ይገናኛል።

ጥቅምት 20 ቀን 1911 ዓ.ም. «ታሉን» የተባለች መርከብ ከኒውዚላንድ ወደብ ከኦክላንድ ተነሣች። በከተማው ኢንፍሉዌንዛው በርትቶ ነበር። መርከቢቱ በመንገዷ ፊጂ ስትደርስ ተሳፋሪዎቿ እንደልብ ወደ የብስ እንዳይወርዱ ተደረገ። ጥቅምት 28 ቀን አፒያ በደረሰች ጊዜ ግን ካፒቴኑ ስለዚህ ለወደቡ ሐኪም አላሳወቀም። ሐኪሙም መርከቢቱን ንጹሕ ናት ብሎ አሳለፋት፤ ሕሙማኑ ከጤነኞቹ ጋር ወረዱ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው የአገራችን ምሳሌያዊ አነጋገር ስለ ግለሰብ የተነገረ ነው። በአፒያ የሆነው ግን በሽታውን የደበቀው አንድ ሰው ሆኖ ሳለ፣ መድኃኒት ያጣው አንድ አገር ነው።

በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ምዕራብ ሳሞአ ወደቀች። በየመንደሩ ቤተሰብ እንዳለ ስለተኛ ከእርሻ ምግብ የሚያመጣ፣ ውኃ የሚቀዳ ጠፋ። ከበሽታው የተረፈውን ረኃብ ጨረሰው። አስከሬን በጅምላ በቦይ ተቀበረ፤ ከአፒያ አጠገብ በቫይሞሶ የሚገኘው የጋራ መቃብር ዛሬም ለዚህ ምስክር ሆኖ ቆሟል። ከ38,000 ገደማ ነዋሪ ወደ 8,500 የሚሆነው ሞተ። ይህም ከአምስት ሰው አንዱ፣ እንዲያውም ከዚያ የሚበልጥ ማለት ነው። ማታይ ከሚባሉት የቤተሰብና የመንደር አለቆች ብዙዎቹ በማለቃቸው ሳሞአ የሞቱባት ሰዎች ብቻ አልነበሩም፤ በቃል ሲተላለፍ የኖረው የታሪክ፣ የዘር ሐረግና የንግግር ጥበብም አብሮ ተቀበረ። አንድ ሽማግሌ ሲሞት አንድ ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ ለሚለው ይህ ምሳሌ ሳይሆን የተፈጸመ ታሪክ ነው።

በምሥራቁ በኩልስ? የአሜሪካ ሳሞአ ገዥ የነበረው የባሕር ኃይል መኮንን ጆን ፖየር የበሽታውን ዜና በሬዲዮ እንደሰማ ደሴቶቹን ዘጋ። ወደ ፓጎ ፓጎ የሚመጣ መርከብ ሁሉ በለይቶ ማቆያ እንዲቆይ አደረገ። አዋጁን በሥራ ላይ ያዋለው ግን የባሕር ኃይሉ ብቻ አልነበረም። ወደቡን መርከበኛ ሊጠብቀው ይችላል፤ የደሴቱን ዳርቻ ሁሉ፣ በሌሊት በትንሽ ጀልባ የሚመጣውን ዘመድ ሁሉ መርከበኛ አይጠብቀውም። ይህን ያደረጉት በየመንደሩ አለቆች አማካይነት የተደራጁ የሳሞአ ሰዎች ናቸው። ዳርቻውን በየፈረቃ ጠበቁ፤ ከወዲያኛው ደሴት የሚመጡትን ጀልባዎችም መለሱ። የመለሱት ባዕድን ሳይሆን የገዛ ወገናቸውን መሆኑን ስናስብ ጥበቃው ምን ያህል ልብ የሚጠይቅ እንደነበረ እንረዳለን። ውጤቱ በቁጥር ይነገራል። በአሜሪካ ሳሞአ በዚያ ወረርሽኝ የሞተ ሰው አልነበረም።

ፖየር ለምዕራቡ ክፍል የሕክምና እርዳታ ለመስጠት ዝግጁ መሆኑን በመልእክት አሳውቆ ነበር። የኒውዚላንዱ አስተዳዳሪ ኮሎኔል ሮበርት ሎጋን ግን ግብዣውን ሳይቀበለው ቀረ። በ1911 ዓ.ም. የተቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን የአስተዳደሩን ቸልተኝነት አረጋገጠ። የሳሞአ ሕዝብም አልረሳውም። ማው የተባለው የነጻነት ንቅናቄ እየጎለበተ ሲሄድ፣ ከቂሙ ሥሮች አንዱ ይህ ወረርሽኝ ነበር። ታኅሣሥ 19 ቀን 1922 ዓ.ም. በአፒያ ጎዳና በሰላም በተሰለፈው የማው ሕዝብ ላይ ፖሊስ ሲተኩስ፣ ከሞቱት መካከል መሪው ቱፑዋ ታማሴሴ ሌአሎፊ 3ኛ ይገኝበታል። ምዕራብ ሳሞአ በታኅሣሥ ወር 1954 ዓ.ም. ነጻ ወጣች። ነጻነቷ 40 ዓመት በሞላው ጊዜ፣ በግንቦት ወር 1994 ዓ.ም.፣ የኒውዚላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሄለን ክላርክ ስለ ወረርሽኙም ሆነ ስለ ተኩሱ ይቅርታ ጠየቁ።

ከዚህ ታሪክ አንድ ስሕተት የሆነ ትምህርት እንዳይወሰድ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንዱ ቅኝ ገዥ ደግ፣ ሌላው ክፉ ነበር የሚል አይደለም፤ ሁለቱም የሰው አገር የያዙ ነበሩ። የልዩነቱ ምሥጢር ሌላ ነው። በአንደኛው በኩል አዋጁ ከበሽታው ቀደመ፤ ምክንያቱም ለሕዝቡ ተነገረ፤ አፈጻጸሙም በሕዝቡ እጅ ገባ። በሌላው በኩል ዜናው ከሕዝቡ ተሰወረ፣ እርዳታውም ሳይመጣ ቀረ።

መጋረጃው የወረደባቸው ከተሞች

አዋጅ በወቅቱ መድረሱ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ በዚያው ዓመት በአሜሪካ ከተሞች የተፈጸመውም ያስረዳል። ይህን የምናነሣው በተለይ ለእኛ ለኪነ ጥበብ ሰዎች ቅርብ ስለሆነ ነው፤ በወረርሽኝ ጊዜ አስቀድመው ከሚዘጉት ቤቶች አንዱ ቴአትር ቤት ነውና።

መስከረም 18 ቀን 1911 ዓ.ም. በፊላደልፊያ ከተማ ለጦርነቱ ገንዘብ ለማሰባሰብ ታላቅ ሰልፍ ተደረገ። በሽታው በከተማው መግባቱ ታውቆ፣ ሐኪሞችም አስጠንቅቀው ሳለ፣ 200,000 ያህል ሰው ጎዳናውን ሞላው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሆስፒታሎቹ ሞሉ። ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያንና ቴአትር ቤት ይዘጋ የሚለው ትእዛዝ ከዚያ በኋላ መጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። በጥቂት ሳምንታት ከ12,000 በላይ ሰው ሞተ። በሴንት ሉዊስ ግን የከተማዪቱ የጤና ኃላፊ ማክስ ስታርክሎፍ በሽታው መታየት በጀመረ በቀናት ውስጥ፣ መስከረም 27 ቀን፣ ቴአትር ቤቶችን፣ ትምህርት ቤቶችንና ሌሎች መሰብሰቢያዎችን አስዘጋ። ነጋዴው አጉረመረመ፤ አዳራሾቹ ኦና ሆኑ፤ ነገር ግን የሴንት ሉዊስ የሞት መጠን ከፊላደልፊያ እጅግ ያነሰ ሆነ። በኅዳር ወር ክልከላው ሲላላ በሽታው መልሶ ማንሠራራቱም ሌላ ትምህርት ነው።

የሳን ፍራንሲስኮ ታሪክ ደግሞ የተለየ ጣዕም አለው። ከተማዪቱ በጥቅምት ወር ሰው ሁሉ ጭምብል እንዲያደርግ ደነገገች። ያላደረገው ተያዘ፣ ተቀጣ፤ እንዲያውም አንድ የጤና ተቆጣጣሪ እምቢተኛን ሰው ለማስገደድ ሲታገል በሽጉጥ እስከማቁሰል ደረሰ። በዚህ መካከል ደንቡን ያወጡት ከንቲባውና የጤና ኃላፊው ራሳቸው በአንድ የቦክስ ግጥሚያ ላይ ያለ ጭምብል በፎቶግራፍ ታዩና መቀጮ ከፈሉ። በመጨረሻ የጭምብሉ ደንብ የተነሣው በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 12 ቀን 1911 ዓ.ም. እኩለ ቀን ላይ ነበር። ፊሽካው ሲነፋ ሕዝቡ ጭምብሉን እያወለቀ በየመንገዱ ጨፈረ። እኛ የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ባደረግነው በዚያ ዕለት ሳን ፍራንሲስኮ በሽታው ሄደ ብላ ደስታዋን ገለጸች። በሽታው ግን አልሄደም ነበር። በጥር ወር ጭምብሉ በድጋሚ ሲታዘዝ፣ አሁን ሕዝቡ እንደ ፊተኛው አልታዘዘም፤ ጭምብልን የሚቃወም ማኅበር እስከ መቋቋም ደረሰ። ደንብ አውጪው ራሱ ያላከበረውን ደንብ ሁለተኛ ጊዜ ለማስከበር መሞከር እንዲህ ነው።

አዋጁ ልኩን ሲያልፍ

መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ2012 ዓ.ም.፣ ዓለም እነዚህኑ ጥያቄዎች እንደገና ተጠየቀች። በጎረቤታችን በኬንያ ከመጋቢት 18 ቀን ጀምሮ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት የሚጸና ሰዓት እላፊ ታወጀ። የሰዓት እላፊው መነሻ ሰው ከሰው እንዳይቀራረብ ማድረግ ነበር። በመጀመሪያው ዕለት በሞምባሳ የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። የቀኑን ሥራቸውን ጨርሰው በሊኮኒ ጀልባ ወደ ቤታቸው ለመሻገር የተሰለፉ ሠራተኞች ሰዓቱ ሳይደርስባቸው ለመድረስ ሲሽቀዳደሙ፣ ፖሊስ በዱላና በአስለቃሽ ጭስ ደረሰባቸው። ተራርቀህ ቁም የተባለው ሕዝብ በአንድ ላይ ታጨቀ፤ አፍህን ሸፍን የተባለው በጭስ አሳለው። በዚያው ሳምንት በናይሮቢ በቤቱ በረንዳ ላይ የነበረ የ13 ዓመት ልጅ ሰዓት እላፊውን በሚያስከብር ፖሊስ ጥይት ተመትቶ ሞተ። ልጁ ሰዓት አላለፈም፤ በቤቱ ነበር። ልኩን ያለፈው አዋጁን የያዘው እጅ ነው። የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ስለ ፖሊስ ድርጊት ይቅርታ ጠይቀዋል። ሰዓት እላፊው እየተሻሻለ ቆይቶ የተነሣው ጥቅምት 10 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው።

በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲታወቅ፣ በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጋቢት 30 ቀን ለአምስት ወር የሚጸና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዋጁን ተከትሎ የወጣው ደንብ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ፤ መጨባበጥን አገደ፤ የሕዝብ ማመላለሻ በግማሽ እንዲጭን አዘዘ። ሕዝቡን በሙሉ በቤቱ ግን አልዘጋም። ለዕለት ጉርሱ በየዕለቱ የሚወጣውን፣ መጠለያ እንኳ የሌለውን ወገን ቤትህ ግባ ማለት እንደማይቻል መንግሥት በወቅቱ ገልጾ ነበር። አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር፣ አሠሪም ሠራተኛውን እንዳያሰናብት ደንቡ ከልክሏል። በሌላ በኩል ለነሐሴ 23 ቀን ተይዞ የነበረው አገር አቀፍ ምርጫ መራዘሙ ብርቱ የፖለቲካ ክርክር አስነሥቷል፤ የወረርሽኝ አዋጅ ስለ ሳንባ ብቻ ሳይሆን ስለ ሥልጣንም እንደሆነ ይህ ያስታውሰናል።

እንግዲህ የመድረክ ሠራተኛው ጥያቄ በከፊል መልስ አግኝቷል። አዋጁ የቤት ኪራዩን ያውቀው ነበር፤ ቢያንስ በወረቀት ላይ ስሙን ጠርቶታል። ነገር ግን የኪራይ መጨመርን መከልከልና የኪራዩን ገንዘብ ማግኘት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ደመወዝተኛው ሥራው ተጠበቀለት፤ በትርኢት ቀን የሚከፈለው ሰው ግን ትርኢት ከሌለ የሚጠበቅለት ሥራ አልነበረውም። ወጣቱ ከወራት በኋላ በአንድ የግንባታ ሥፍራ ድንጋይ ሲያቀብል አገኘነው። አዳራሹ ሲከፈት ወደ መብራቱ አልተመለሰም። የወረርሽኝ ዋጋ በሙታን ብዛት ብቻ የሚሰላ የሚመስለው ቢኖር ይህንንም በሒሳቡ ያግባው።

ቀይ ጨርቅ በደጃፍ

ወደ ሳሞአ አንድ ጊዜ እንመለስ፤ ታሪኳ አላለቀምና። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ በዚያች አገር ሁለት ሕፃናት የኩፍኝ ክትባት በተሰጣቸው ዕለት ሞቱ። ምክንያቱ ክትባቱ ራሱ ሳይሆን፣ ሲቀላቀል የተፈጸመ ስሕተት መሆኑ በኋላ ታወቀ። ወላጆች ግን ፈሩ፤ የክትባቱ ሥራም ለወራት ተቋረጠ። የተከተቡት ሕፃናት ቁጥር ከሦስት ወደ አንድ ገደማ ወረደ። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ኩፍኝ ሲገባ ያገኘው ይህን ያልተጠበቀ በር ነው። 200,000 ያህል ሕዝብ ባላት አገር 83 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹም አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ነበሩ።

ኅዳር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ኅዳር 25 እና 26 ደግሞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ሰው ሁሉ ከቤቱ እንዳይወጣ፣ ተሽከርካሪም እንዳይንቀሳቀስ ተደረገ። ያልተከተበ ሰው ያለበት ቤት በደጃፉ ቀይ ጨርቅ ወይም ባንዲራ እንዲሰቅል ተነገረ። መሥሪያ ቤቶች ተዘግተው የመንግሥት ሠራተኞቹ ራሳቸው ከክትባት ቡድኖች ጋር በየመንደሩ ተሰማሩ፤ ቀይ ጨርቅ ባዩበት ደጃፍ ሁሉ መርፌውን ይዘው ቆሙ። በታኅሣሥ ወር የተከተበው ሕዝብ ከመቶ 95 ደርሶ አዋጁ ተነሣ።

ይህ ሰዓት እላፊ ከሞምባሳው በምን ይለያል? ሁለቱም ሰውን በቤቱ አስቀምጠዋል። በሳሞአ ግን ሰው በቤቱ የተቀመጠው የሚመጣለት ነገር ስለነበረ ነው። በሩ የተዘጋው እርዳታው በሩን እንዲያንኳኳ ነው። ቀዩም ጨርቅ የነውር ምልክት አልነበረም፤ የጥሪ ምልክት ነበር። በ1911 ዓ.ም. ዜናውን የተነፈገው ሕዝብ የልጅ ልጆች በ2012 ዓ.ም. በገዛ ደጃፋቸው ላይ «እዚህ አለን፣ ኑልን» ብለው ጻፉ ማለት ይቻላል። የጠፋ አመኔታ ሊመለስ እንደሚችል ይህ ያሳያል፤ በስንት ሕፃናት ሞት እንደተመለሰም ያሳያል።

የእኛ ድርሻ

ከላይ የተመለከትናቸውን ስናጠቃልል ሕይወት ያዳነ አዋጅ የሚታወቅባቸው ምልክቶች ጎልተው ይታያሉ። ከበሽታው ይቀድማል፤ ምክንያቱን አይሰውርም፤ አዋጅ ነጋሪውንም ያስራል፤ በሩን ሲዘጋ በሌላ በኩል እንጀራና መድኃኒት ያስገባል፤ የሚያበቃበትንም ቀን ያውቃል። ከእነዚህ አንዱ በጎደለ ቁጥር ክፍተቱን የሚሞላው ዱላ ነው። ዱላ ደግሞ ሰውን ከመንገድ ያስወጣል እንጂ ቫይረስን ከሳንባ አያስወጣም።

በዚህ ውስጥ የየአንዳንዳችን ድርሻ አለ። አዋጅን ወደ ቀበሌና ወደ መንደር የሚያወርደው ኃላፊ፣ ትእዛዙን ከማንበቡ በፊት ምክንያቱን መረዳትና ማስረዳት፣ የሚነሣበትንም ጥያቄ ሳይሰለች ወደ ላይ ማድረስ ይጠበቅበታል። «የቤት ኪራዬስ?» የሚል ሰው አመጸኛ አይደለም፤ አዋጁ የረሳውን የሚያስታውስ ነው። መምህሩ ወረርሽኝ ከመምጣቱ በፊት፣ በሰላሙ ጊዜ፣ በሽታ እንዴት እንደሚተላለፍ ለልጆች ማስተማር ይችላል፤ በፍርሃት ሰዓት የተማረ ሰው ጥቂት ነውና። ኅዳር ሲታጠን ልጆች ጭሱን ከበው ሲቆሙ የ1911ን ታሪክ ቢነግራቸው ልማዱ ትምህርት ይሆናል።

ኪነ ጥበብስ? አዳራሹ ሲዘጋ የመጀመሪያዎቹ ሥራ አጦች እኛ ነን፤ ስለዚህ አዋጅን የምንመዝነው ከሩቅ ሆነን አይደለም። የአዋጅ ቋንቋ «ማንኛውም ሰው» ይላል። የቴአትር ቋንቋ ግን «ማንኛውም ሰው» የሚባል ገጸ ባሕርይ አያውቅም። በመድረክ ላይ የሚቆመው የገዛ ዘመዱን ጀልባ በሌሊት የሚመልሰው የመንደር ጠባቂ ነው፤ በሊኮኒ ወደብ ሰዓቱን እያየ የሚሰለፈው የቀን ሠራተኛ ነው፤ ቁልፉን አስረክቦ የሚሄደው መብራት አቅኚ ነው። እነዚህን በስማቸውና በመልካቸው ለሕዝብና ለአዋጅ አውጪው ማሳየት የእኛ ሥራ ነው። ሌላ ወረርሽኝ መምጣቱ አይቀርም። በዚያን ጊዜ በሩ ሲዘጋ፣ ከበሩ በስተውስጥ ማን እንዳለ አስቀድሞ የሚያውቅ አዋጅ እንዲኖረን የምናዘጋጀው ዛሬ፣ በሩ ክፍት በሆነበት ሰዓት ነው።